ሦስት ቀን ብቻዬን በሮማ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጐዳና መርሳን አልፎ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ወልድያ ከመድረሱ በፊት ሲሪንቃ የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። በአውቶቡሱ መስኮት አሻግሮ ቢመለከት የማሽላ ማሳና በስተምዕራብ የተደረደረ ተራራ ያያል፤ የግብርና ነገር የሚከታተል ሰው ከሆነም በዚያ ስላለው የምርምር ማዕከል ሰምቶ ይሆናል። ከዚህ በቀር ዐይኑን የሚይዝ ነገር ስለማያገኝ አውቶቡሱ ያልፋል፤ እርሱም ያልፋል። እኔ ግን የተወለድሁት በዚያ ነው። ስለ ሮማ ልነግራችሁ ተነሥቼ ከሲሪንቃ ብጀምር አትደነቁብኝ፤ ጉዞዬ የተፀነሰው በዚያ ነውና።

ያ ጐዳና ራሱ ከኢጣልያ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ የጠላት ጦር ደሴ ከገባ ወዲህ፣ ከአሥመራ ተነሥቶ በወልድያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን የመኪና መንገድ ኢጣልያኖች አሠሩ። አባቴ በዚያ ዘመን የዐሥር ወይም የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ታላላቆቻቸው የፈለጡትን ድንጋይ በቅርጫት እየተሸከሙ ወደ መንገዱ ያመላልሱ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ድንጋይ ተንከባሎ የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ጨፈለቀው፤ ጣቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳይታጠፍ ቀረ። በልጅነቴ ያን የቆመ ጣት እያየሁ ስለ ኢጣልያ ብዙ ጊዜ አስብ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. በግብርና ሙያ እሠራ ስለ ነበር፣ ለአጭር ሥልጠና ወደ ፍሎሬንስ ከተማ እንድሄድ ዕድል ደረሰኝ። ዜናውን ለአባቴ በነገርኋቸው ጊዜ ቡና እየተፈላ ነበር። መርቀውኝ ሲያበቁ ጥቂት ዝም አሉና፦

«ሮማም ትደርሳለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሥልጠናው በሌላ ከተማ ነው። ነገር ግን ሦስት ቀን ፈቃድ ብጠይቅ ደርሼ ልመለስ እችላለሁ።»

«እንግዲያውስ ድረስና አንድ ነገር እይልኝ። የአክሱምን ሐውልት ወስደው ከተማቸው መካከል ተክለውት ነበር። መመለሱን በራዲዮ ሰምቻለሁ። ጉድጓዱስ ተደፍኗል ወይ?»

ሳልወድ ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

«ምን ያስቅሃል? ትልቅ ድንጋይ የተነቀለበት ጉድጓድ ካልተሞላ፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ያቁራል፤ ከብት ይሰብራል፤ ልጅ ይገባበታል። እስቲ እይልኝ።»

አንባቢዎቼ ሆይ፤ አጭር ጉዞ ለማቀድ ከዚህ የተሻለ መነሻ እንዳለ አላውቅም። በሥራ ቦታዬ የነበሩ ወዳጆቼ መሄዴን ሲሰሙ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር አዘዙኝ። ኮሎሴዎም ሳታይ እንዳትመለስ አለኝ አንዱ፤ ሌላው ሙዚየም ቈጠረልኝ፤ ሦስተኛው የጫማ ቍጥሩን ጻፈልኝ። ሁሉንም በደብተሬ ብመዘግበው ሃያ ሦስት ቦታ ሆነ። ሃያ ሦስት ቦታ በሦስት ቀን ሊያይ የተነሣ ሰው ከተማውን ሳይሆን የእጅ ሰዓቱን ሲያይ ይውላል። ስለዚህ ገጹን ገለበጥሁና በባዶው ላይ ሦስት መስመር ብቻ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ቀን የአባቴ ጥያቄ፤ ሁለተኛው ቀን የራሴ ጥያቄ፤ ሦስተኛው ቀን ባዶ። ሦስተኛውን መስመር ያየ አንድ ወዳጄ «ይህማ ዕቅድ አይደለም» ብሎ ነበር። እኔ ግን ከሦስቱ መስመሮች በጣም ያሰብሁበት እርሱን ነበር።

የቀረው ሂሳብ ነው። ከውሎ አበሌ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ በሦስት ፖስታ ከፈልሁት፤ አንዱ ለመኝታ፣ አንዱ ለምግብና ለመጓጓዣ፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን። መኝታውን ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አስቀድሜ ያዝሁ፤ ቋንቋ የማያውቅ ሰው ሻንጣ ተሸክሞ በማታ ከተማ ለከተማ መዞር የለበትምና። የፓስፖርቴን ግልባጭ ከፓስፖርቱ ለይቼ አስቀመጥሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝርላችሁ ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚረሳውን የሚያስታውስለት ጓደኛ ስለሌለው ነው።

ፈጣኑ ባቡር ከፍሎሬንስ ሮማ ያደረሰኝ በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ነበር። ቴርሚኒ ከሚባለው ታላቅ ጣቢያ ወጥቼ ሰፊው አደባባይ ላይ ስቆም ካርታዬን ገለጥሁ። የአደባባዩ ስም «ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ» ይላል፤ የአምስቱ መቶ አደባባይ ማለት ነው። አምስቱ መቶ እነማን እንደ ሆኑ ታውቃላችሁ? በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ በብዙ ሺህ የሚቈጠር መንገደኛ ሻንጣውን እየጐተተ በስማቸው ላይ ያልፋል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ለእነርሱ መታሰቢያ የቆመ ከግብጽ የመጣ ሐውልት አለ። በፋሽስት ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የቆመው በዚሁ ሐውልት አጠገብ ነበር፤ ዘርአይ ደረስም በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው በዚያ ነው። አንበሳው በኋላ ተመልሶ በለገሃር አደባባይ ቆመ። ዘርአይ ግን አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1937 ዓ.ም. በኢጣልያ ምድር ሞተ። እንግዲህ እኔ ገና ከባቡር ወርጄ መኝታዬን ሳላገኝ፣ ከተማው ስለ አገሬ ይነግረኝ ጀምሮ ነበር።

የመጀመሪያዋን ሌሊት እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፍሁ፤ በኮሪደሩ የሚያልፈውን የእግር ኮቴ ሁሉ ቈጠርሁ። በአገሬ ብቻዬን ያደርሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንድ ነገር ብሆን ስሜን የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም ብዬ አሰብሁ። ሲነጋ ግን ያው ሐሳብ መልኩን ለወጠ። ስሜን የሚያውቅ ስለሌለ የሚጠብቀኝም የለም፤ ብዘገይ የሚቈጣ፣ ብሳሳት የሚስቅ የለም።

ጠዋት ቡና ልጠጣ ገባሁ። ሰዎች ቆመው እየጠጡ ይወጣሉ፤ መቀመጥ ዋጋ ይጨምራልና። አንድ ሣጥን ፊት ለፊት «ካሳ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። በእኛ ቋንቋ ካሳ የበደለ ሰው የሚከፍለው ነው፤ በእነርሱ ቋንቋ ደግሞ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ሣጥን ነው። ይህን እያሰብሁ ለጥቂት ጊዜ ስቆም ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ትዕግሥታቸው አለቀ። ማኪያቶ አዘዝሁ፤ ስሙ የምናውቀው ነው፤ መጠኑ ግን የእኛን ግማሽ አይሞላም። ከዚያ ወጥቼ በመንገድ ዳር የቆመ ምሰሶ ላይ «ፌርማታ» የሚል ቃል ባየሁ ጊዜ ከልብ ሳቅሁ። ወልድያ ላይ ስለው የኖርሁት ቃል ነው። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ፋብሪካ፣ ፎርኖ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ባሌስትራ፤ ሁሉም በዚያ መንገድና በዚያ ዘመን መጥተው አማርኛችን ውስጥ የቀሩ ናቸው። መኪና ቢበላሽብኝ ኖሮ ያለ አስተርጓሚ እግባባ ነበር። እራት ለማዘዝ ግን ባሌስትራ አይረዳም።

የአባቴ ቦታ ፖርታ ካፔና ይባላል። ከቴርሚኒ በምድር ውስጥ ባቡር ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ወርዶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ከፊቱ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትን ነጭ ሕንፃ ያያል። ይህ ሕንፃ መጀመሪያ የተወጠነው ኢጣልያ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿን የምታስተዳድርበት ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር። ሕንፃው ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ ግን ቅኝ ግዛቶቹ አልነበሩም፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ድርጅቱ ገባበት። ማሽላ ሲያበቅል የኖረ ሰው ይህን ሕንፃ ቢያይ ብዙ ነገር ይመላለስበታል፤ እኔ ግን ያን ዕለት ዐይኔን የጣልሁት ከፊቱ ባለው ቦታ ላይ ነበር።

ሐውልቱ 24 ሜትር ያህል ቁመትና ወደ 160 ቶን የሚጠጋ ክብደት አለው። አክሱም ላይ ከጥንት ጀምሮ ወድቆና ተሰብሮ ይኖር የነበረውን በ1929 ዓ.ም. ወሰዱት፤ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እዚህ ተተከለ። ኢጣልያ የወሰደችውን ቅርስ በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንድትመልስ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ተስማማች። ዐሥራ ስምንቱ ወር አምሳ ስምንት ዓመት ፈጀ። በ1994 ዓ.ም. መብረቅ መታው። በሦስት ክፍል ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የገባው በሚያዝያ ወር 1997 ዓ.ም. ነው፤ ዳግመኛ የቆመውም በ2000 ዓ.ም. ነው። ሮማ ከግብጽ የተወሰዱ ስምንት ጥንታውያን ሐውልቶች እንዳሏት አስታውሱ። እነዚያ ዛሬም በያደባባዩ ቆመዋል።

እኔም ቆሜ አየሁ። መኪናዎች ይሽከረከራሉ፤ ሰዎች ወደ ሥራቸው ይቸኩላሉ። ሐውልቱ በነበረበት ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ በመስከረም 2001 በአሜሪካ በደረሰው ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። መሬቱን ዞሬ ዞሬ አየሁት። የጉድጓድ ምልክት የለም። አንድ ሰው ደንግጦ «ምን ጠፋብህ?» የሚል በሚመስል ሁኔታ በእጁ ምልክት ጠየቀኝ፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት ግራ ገባኝ። ጓደኛ ቢኖረኝ «በቃ አየነው፤ እንሂድ» ባለኝ ነበር። ብቻዬን ስለ ነበርሁ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። አባቴ በዐሥር ዓመታቸው ድንጋይ ሲሸከሙ፣ ይህም ድንጋይ በዚያው ዘመን ባሕር ሲሻገር አሰብሁ። ከዚያም ከአጠገቡ ያለውን ጥንታዊውን የፈረስ ሠረገላ መሮጫ ተመለከትሁ። 600 ሜትር ያህል የሚረዝም ሸለቆ ነው፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ሣር ነው። ዳር ላይ ተቀምጬ ከሻንጣዬ የያዝሁትን ቆሎ በላሁ።

በሁለተኛው ቀን የራሴን ጥያቄ ይዤ ወደ ቫቲካን ሄድሁ። ይህ ጥያቄ እናንተንም የሚነካ ስለ ሆነ ላስረዳችሁ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት ከዚያ ሆነው ነው። ከእርሳቸው አንድ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ሰው በዚያ ነበሩ። አገራቸው በጥንቷ ቤተ አምሐራ፣ በዛሬው ወሎ፣ መካነ ሥላሴ ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮማ መጥቶ አገኛቸው፤ በ1652ም ወደ ጀርመን አገር ሄደው አስተማሩት። እርሱም በ1698 የአማርኛን ሰዋስው አሳተመ። ለቋንቋችን በመጽሐፍ መልክ የታተመ የመጀመሪያው ሰዋስው እርሱ ነው። እናንተ ዛሬ ስለ ግስና ስለ ባለቤት ስትማሩ፣ የዚያ ትምህርት የመጀመሪያው የኅትመት ምዕራፍ የተጀመረው አንድ የወሎ ሰው ከአገሩ ርቆ በተቀመጠበት በዚያ ቤት ነው።

ያን ቤት ላይ ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም። በሩ ላይ የቆሙት ጠባቂዎች በትሕትና አስረዱኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ቅጥር ውስጥ ስለ ሆነ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ መኝታው ጽፌያለሁ፤ ስለ ባቡሩ ጠይቄያለሁ፤ ከሁሉ ለምወደው ነገር ግን አንዲት ደብዳቤ መጻፍ ረስቼአለሁ። እኔ ያን ዕለት በጣም አዘንሁ፤ በራሴም ተናደድሁ። ብቻህን ስትሆን የምትቈጣው ሌላ ሰው የለም።

ጥቂት ቆይቼ ሐሳብ መጣልኝ። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ጕልላት የሚያወጣ ደረጃ አለ፤ በእግር ለሚወጣ 551 ነው። በአሳንሰር የሚወጣ ግማሽ ያህሉን ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። የወሎ ተራራ ያሳደገው ሰው ለአሳንሰር አይከፍልም ብዬ ወጣሁ። መጨረሻው ላይ ግድግዳው ከጕልላቱ ጋር ስለሚያዘነብል ሰው ሁሉ ተጣሞ ነው የሚወጣው። ከላይ ስደርስ ሮማ በሙሉ ከእግሬ በታች ነበረች፤ እኔ ግን ሌላው ሰው ከሚመለከትበት አቅጣጫ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ኋላ ወደ አትክልቱ ስፍራ ተመለከትሁ። በዛፎቹ መካከል የኢትዮጵያ ኮሌጅ የሚባለው ሕንፃ ይታያል። ወደ ጕልላቱ እግር ቀረብ ብዬ ሳጐነብስ የአንድ ትንሽ ቤት ጣሪያ አየሁ፤ ካርታዬን አመሳክሬ እርሱ ነው አልሁ። የአባ ጎርጎርዮስን ቤት ከሰማይ አየሁት ማለት ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ፤ ሰዋስዉን ታትሞ አላዩትም። ንፋሱ ኮፍያዬን ሊወስደው ሲል ያዝሁትና ወረድሁ።

ከጉዞው ሁሉ የከበደኝን ብትጠይቁኝ ሌሊቱ አይደለም፤ ቋንቋውም አይደለም። እራት ነው። እኛ ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ መብላት የለመድን ሕዝብ ነን። ለአንድ ሰው የተዘጋጀ ገበታ፣ አንድ ሳሕን፣ አንድ ብርጭቆ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር፤ ምግቡ ቢጣፍጥም አይወርድም። የመጀመሪያውን ምሽት ጋዜጣ ያነበብሁ መስዬ በላሁ፤ ጋዜጣው በኢጣልያንኛ ነበር። በሁለተኛው ምሽት ግን አልቻልሁም። ከቴርሚኒ አካባቢ የአገራችን ሰዎችና ኤርትራውያን የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ስወጣ «ሮማ ድረስ ሄጄ እንጀራ አልበላም» ብዬ ምዬ ነበር። መሐላዬን አፍርሼ ገባሁ። ወጥ ያቀረቡልኝ እናት «ከወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ። «ከወሎ» አልሁ። «ከወሎ ከየት?» «ከሲሪንቃ።» አላወቁትም፤ ነገር ግን የማያውቁትን አገር ስም ደግመው ደጋግመው ጠሩት። ሂሳብ ስከፍል የቡናውን አልቀበልም አሉ።

ሦስተኛው ቀን ባዶ ነበር ብያችኋለሁ። ስለ እርሱ የምነግራችሁ ብዙ ታሪክ የለኝም፤ ከሦስቱ ቀኖች የተደሰትሁበት ግን እርሱ ነው። ካርታውን ክፍሌ ውስጥ ትቼ ወጣሁ። ሁለት መንገድ ሲገጥመኝ ጥላ ያለበትን እመርጥ ነበር። እንዲህ ስሄድ ሳልፈልገው ፓንቴዎን ከሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ደረስሁ፤ በዚያን ጊዜ መግቢያው ክፍያ አልነበረውም። ጕልላቱ ከ43 ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ አናቱ ላይ ደግሞ ክዳን የሌለው ክብ ቀዳዳ አለ። የፀሐይ ብርሃን በዚያ ገብቶ እንደ ትልቅ እንጀራ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጬ ያ ብርሃን ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላው እስኪሸጋገር ጠበቅሁ። ይህን ያህል ጊዜ ማንም ሰው አብሮኝ አይቀመጥም ነበር።

በመንገድ ዳር ደግሞ ያለማቋረጥ የሚፈስሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ። ቧንቧው ወደ ታች የታጠፈ ስለ ሆነ ሕዝቡ «ናሶኒ»፣ ትላልቅ አፍንጮች፣ ይላቸዋል። በከተማው ውስጥ በሺህ ይቈጠራሉ፤ ውኃው ለመጠጥ የሚሆን ነው፤ የሚጠይቀውም ዋጋ የለም። አንዲት ትንሽ ልጅ የቧንቧውን ጫፍ በጣቷ ስትደፍን ውኃው ከላይ ባለው ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፏ ሲወረወር አየሁ። እኔም እንደ እርሷ አደረግሁ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ሸሚዜን አራሰው፤ ልጅቱም ሳቀች። ዘወር ብዬ «አያችሁት?» ልል ስል ማንም አልነበረም። ብቻ መጓዝ ይህም አለበት፤ ያየኸውን ወዲያው የምታካፍለው ሰው የለህም፤ ተሸክመኸው አገርህ ትገባለህ። ውኃ ሊቀዱ ጀሪካን ተሸክመው ሩቅ የሚሄዱትን የአገሬን ሴቶችም ያን ጊዜ አሰብኋቸው፤ የቀረውን ቀን በየቧንቧው ፊት ሳልቆም አላለፍሁም።

ሲሪንቃ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቴ ከደጅ ቁጭ ብለው ነበር። ሰላምታው እንዳለቀ የጠየቁኝን አልረሱትም።

«ጉድጓዱስ?»

«ተደፍኗል፣ አባዬ። ምልክቱም የለም። በስፍራው ሁለት ምሰሶ ቆሞበታል።»

«የምን ምሰሶ?»

ነገርኋቸው። በሌላ አገር በአንድ ቀን ጥቃት ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ መሆኑን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ከተደፈነ ደኅና» አሉ። ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት የማይታጠፈውን ጣት ይዞ ነበር። ከዚያም ስለ ቦታው ሁሉ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ስለ ነጩ ሕንፃ ነገርኋቸው፤ ከአጠገቡም ስላለው ሰፊ ሸለቆ፣ ከተማ መካከል ስለ በቀለው ሣር፣ ርዝመቱ ከእኛ ማሳ ጫፍ እስከ ወንዙ እንደሚደርስ ነገርኋቸው። በትኩረት ሲያዳምጡ ቆዩና፦

«ያን ሁሉ ሣር ምን ይበላዋል?» አሉኝ።